ወንድሜ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳለ የሳንባ ምች ያዘው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዴት?

የጉለሌ እኅት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ከሳምንት በላይ ሆኖታል። ቱቦ በአፉ ገብቶለት በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው። በገባ ዕለት የተነሣው የደረት ራጅ ንጹሕ እንደነበር ሐኪሙ ራሳቸው አሳይተውናል። አሁን ግን ትኩሳቱ ጨመረ፣ በቱቦው የሚሳበው አክታ ወፍሮ ቢጫ ሆነ፣ ኦክስጅኑንም ከፍ አደረጉለት፤ ከዚያም «የሳንባ ምች ጀምሮታል» ተባልን። ሜሮፔኔምና ቫንኮማይሲን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ከውጭ ገዝተን አምጥተናል። አንገቱ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ቱቦውን በዚያ ስለ ማስገባትም አንሥተውልናል።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ሳንባው ደኅና ሆኖ የገባ ሰው፣ ቀንና ሌሊት በሚጠበቅበት ክፍል ውስጥ እንዴት የሳንባ ምች ይይዘዋል? ከመሣሪያው ነው? ከጎኑ ከተኛው ሕመምተኛ ነው? የሰው ጥፋት አለበት? እናቴ ደግሞ ከንፈሩ ደርቆ ስታየው አንጀቷ አልችል ብሏል፤ ጸበል ጠብ ላድርግለት እያለች ነርሶቹን ትለምናለች። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ የደረሰባችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ፦
እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ከአስታማሚዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ቁጭ ብሎ የሚመልስላቸው ሰው ግን አያገኙም።

መነሻው ቱቦው ነው። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ ቢሆንም እንኳ ምራቁ ወደ ሳንባው ሊወርድ ሲል ጉሮሮው ይዘጋል፤ ካመለጠውም ያስለዋል። ቱቦው ግን በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ያ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። የማስተኛ መድኃኒቱና የጭንቅላቱ ጉዳት ደግሞ ሳሉን ያዳክሙታል። በቱቦው የታችኛው ጫፍ አጠገብ አየር የሚሞላባት ትንሽ ፊኛ አለች፤ የአየር ቧንቧውን ዙሪያውን እንድትዘጋ የተሠራች ናት። ምራቅና ከሆድ የተመለሰ ፈሳሽ ከፊኛዋ በላይ ይጠራቀምና በእጥፋቶቿ በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ይሰርጋል። በጠና የታመመ ሰው አፍና ጉሮሮ ላይ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ክሌብሲዬላ፣ አሲኔቶባክተርና ሱዶሞናስ ያሉ የሆስፒታል ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። በቱቦው የውስጥ ግድግዳም ላይ መድኃኒት በቀላሉ ዘልቆ የማይገባው ዝልግልግ ንጣፍ ይሠራሉ። ስለዚህ ሳንባውን የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው የመጣ ሳይሆን ከሕመምተኛው ከራሱ አፍና ጉሮሮ የወረደ ነው። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ የሳንባ ምች የምንለውም ቱቦው ከገባ 48 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚጀምረውን ነው።

ከጎን ሕመምተኛ መተላለፉም አለ፤ እርሱ በእኛ በባለሙያዎቹ እጅ ነው የሚጓዘው። አክታ ስቦ እጁን ሳያጸዳ ወደ ቀጣዩ አልጋ የሚሄድ ሰው ባክቴሪያውንም ይዞት ይሄዳል።

ስለ እናትሽ ልንገርሽ። ቁስሉን ሳይነኩ ጸበሉን በእጁ፣ በእግሩ፣ በደረቱ ይቀቡት፤ እኔ ተረኛ በሆንኩበት ጊዜ ይህን የከለከልኩት ቤተሰብ የለም። በአፉ ግን አንዲት ጠብታም አትግባ። መዋጥ አይችልም፤ የገባው ሁሉ ከፊኛዋ በላይ ይጠራቀማል። የደረቀ ከንፈሩን ግን በንጹሕ እርጥብ ጎዝ ማራስ ይቻላል። ነርሷን አስፈቅደው እናትሽ በገዛ እጃቸው ቢያደርጉት ለእርሳቸውም መጽናኛ ነው።

አባቴን ያጣሁ፦
ሲስተር፣ ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልቀበልዎትም። አባቴ በስትሮክ ገብተው ያረፉት በዚሁ በሽታ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በሄድን ቁጥር ጠፍጣፋ ተኝተው ነበር የምናገኛቸው፤ ምግቡም በአፍንጫቸው ቱቦ የሚሰጣቸው እንደዚያው ተኝተው ሳለ ነበር። «ከራሱ አፍ የወረደ ነው» ሲባል ስሰማ ጥፋቱ በሕመምተኛው ላይ የተጣለ ይመስለኛል። ምራቁ የሚወርድበትን መንገድ የከፈተው ሕክምናው ነው፤ መንገዱን መጠበቅም የሕክምናው ግዴታ ነው። በውጭ አገር ይህን በሽታ ዜሮ አደረስነው የሚሉ ሆስፒታሎች እንዳሉ አንብቤአለሁ። እኛ ዘንድ ለምን እንደ ዕጣ ፈንታ ይታያል?

ከሜሪላንድ፦
ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎት። እኔ እዚህ አሜሪካ በመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያነት እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ነው።

በመጀመሪያ ስለ «ዜሮው»። ይህን በሽታ ቁርጥ አድርጎ የሚለይ አንድ ምርመራ የለም። በራጅ ላይ የሚታየው ጥላ በሳንባ የተጠራቀመ ውኃ ወይም አየር አጥቶ የተጨማደደ የሳንባ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች አንድን ራጅ አይተው ይለያያሉ። ቁጥሩ ከሆስፒታሉ ስምና ገቢ ጋር ሲያያዝ አጠራጣሪው ሁሉ «አይደለም» ተብሎ ይመዘገባል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 የአዋቂ ሕመምተኞችን የክትትል ትርጉም የለወጠው ለዚህ ነው፤ በራጅ ምትክ የሕመምተኛው የኦክስጅንና የመሣሪያ ግፊት ፍላጎት መጨመሩን መቁጠር ተጀመረ። ስለዚህ ዜሮ የሚለውን ማስታወቂያ አያምኑት። እዚህም ይይዛል፤ እዚህም ይገድላል።

ጠፍጣፋ መተኛታቸውን ግን እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የባርሴሎና ጥናት 86 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኞቹ ጠፍጣፋ፣ ሌሎቹ ራስጌያቸው 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ተኙ። የሳንባ ምች የተጠረጠረባቸው ጠፍጣፋ ከተኙት 34 በመቶው፣ ከፍ ካሉት 8 በመቶው ብቻ ሆኑ፤ ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱም ጥናቱ ቀድሞ ቆመ። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድስ የተሠራው ጥናት 45 ዲግሪን ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ማቆየት በተግባር እንደማይሆን አሳየ፤ ስለዚህ አሁን የሚባለው ከ30 እስከ 45 ነው። አልጋ ቀና ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃም አያስፈልግም። የአከርካሪ ጉዳት ወይም የደም ግፊት መውደቅ ካልከለከለ በቀር ጠፍጣፋ ለማስተኛት ምክንያት አይኖርም።

ሲስተር የጠቀሷት ፊኛም ግፊቷ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊት መለኪያ ነው) መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ምራቅ ያሰርጋል፤ ከበዛ የቧንቧውን ግድግዳ ደም ያሳጣዋል።

የሌሊት ተረኛ፦
አባታቸውን ላጡት ወንድሜ፦ በሕመምተኛው ላይ ጥፋት ለመጣል አልተናገርኩም፤ ለእኅታችን መንገዱን ለማሳየት ነው። መንገዱን መጠበቅ የእኛ ግዴታ ነው ማለትዎ ትክክል ነው፤ አንድም ቃል አልቀንስበትም።

እዚህ ያለውን ሁኔታ ግን ሰው ይወቀው። አንድ ነርስ በአንድ ተራ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት በመሣሪያ ላይ ያሉ ሕመምተኞችን ይይዛል። የፊኛዋን ግፊት የሚለካው መሣሪያ በብዙ ክፍሎች የለም፤ ስለዚህ በጣት ጫን ብሎ መገመት ልማድ ሆኗል፤ በጣት ደግሞ 18ን ከ25 የሚለይ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊሠራ የተመረተ የአክታ መሳቢያ ቱቦ ሲያልቅ ታጥቦ ይደገማል። መሣሪያው ሊገዛ በእርዳታም በመንግሥትም ገንዘብ ይገኛል፤ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ መሣሪያ ገብቷል። መሳቢያ ቱቦውን፣ መለኪያውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አልጋው አጠገብ የሚቆመውን ነርስ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ያለ በቂ ነርስ የሚተከል መሣሪያ ሕመምተኛውን በከፊል ለዚህ በሽታ ማጋለጥ ነው።

ስለ ምግቡም ልጨምር። ቤተሰብ ደክሞ አጥሚትና ወተት በፔርሙስ ያመጣል፤ የተጨነቀ አስታማሚ «ትንሽ ጨምሩለት፣ ከስቷል» ይላል፤ በትልቅ ሲሪንጅ በአንድ ጊዜ ይገፋለታል። ሆድ ሲሞላ ይመለሳል፤ የተመለሰው ደግሞ የት እንደሚሄድ ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ። ራስጌው ቀና ብሎ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ቀስ ተብሎ ይሰጥ። መጠኑን ባለሙያው ይወስን።

የጉለሌ እኅት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴ ጸበሉን በእጁና በእግሩ መቀባቱን ተቀብላለች። አሁን ጥያቄዬ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለአጭር ጊዜ ነው የሚያስገቡን። ሰዎቹን ሳላስቀይም ምን ብዬ ልጠይቅ? የአንገቱስ ነገር? «አንገቱ ከተቀደደ ተስፋ የለውም ማለት ነው» የሚሉን ዘመዶች አሉ።

ሰመመን ሰጪ፦
እርስዎ ያነሡትን በቅደም ተከተል ልመልስ። የምሠራው በሰመመንና በጽኑ ሕክምና ሐኪምነት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «ዛሬ የማስተኛ መድኃኒቱን ቀንሳችሁ አይታችሁታል?» ቱቦው በቆየ ቁጥር አደጋው ይቀጥላል፤ ስለዚህ ከሁሉ የበለጠው መከላከያ ቱቦውን በጊዜ ማውጣት ነው። ሰው የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ሳንባው ስላልቻለ ሳይሆን ከልክ በላይ ስለተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የቺካጎ ጥናት መድኃኒቱን በየቀኑ አቋርጦ ሕመምተኛውን ማንቃት በመሣሪያ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ከ7.3 ወደ 4.9 ቀን እንዳወረደው አሳይቷል። በ2008 ደግሞ ማንቃቱን በራስ ከመተንፈስ ሙከራ ጋር ያጣመረ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱትን ቁጥር ቀንሷል። የወንድምዎ ጉዳይ ግን ይለያል፦ በጭንቅላት ጉዳት ጊዜ በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ያለ እንደሆነ ሆን ብለን እናስተኛለን። «አሁን አይቻልም፣ ምክንያቱም…» ብለው ካስረዱዎት ተገቢ መልስ ነው። «አላየንም» ከሆነ ግን በማግሥቱም ይጠይቁ።

ሁለተኛው የራስጌው ከፍታ ነው፤ እርሱን በዓይንዎ ያዩታል። ሦስተኛው አፉ ነው፤ በብሩሽ ይጸዳል ወይ? ብሩሹን ራስዎ ገዝተው መውሰድ ይችላሉ። ጥያቄውን «ምን ላግዛችሁ?» ብለው ቢጀምሩት ማንም አይቀየምም።

ስለ አንገቱ፦ ዘመዶችዎ የሚሉት ልክ አይደለም። ትራኪዮስቶሚ፣ ማለትም ቱቦውን በአንገት በኩል ማስገባት፣ ተስፋ ሲቆረጥ የሚሠራ አይደለም። ቱቦው ከአፍ ይወጣል፣ ማስተኛ መድኃኒት መቀነስ ይቀላል፣ አፍ ማጽዳትም ይመቻል። ብዙ የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ሳንባቸው ደኅና ሆኖ ጉሮሯቸውን መጠበቅ ስለማይችሉ ብቻ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን መቸኮልም አይጠቅምም። በእንግሊዝ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት የተሠራላቸውን እስከ 10 ቀን ከተጠበቁት ጋር ሲያነጻጽር በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ እንዲጠበቁ ከተመደቡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጭራሹኑ አልተሠራላቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ለመጽናናት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ልጨምር። የብዙ ጥናቶችን መረጃ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትንታኔ በዚህ የሳንባ ምች ምክንያት ብቻ የሚመጣውን ሞት ወደ 13 በመቶ ገምቶታል፤ በአደጋ ተጎድተው በገቡት ላይ ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ነበር። የወንድምዎን ነገር ይበልጥ የሚወስነው የጭንቅላቱ ጉዳት ነው።

የጎንደሩ ተማሪ፦
የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዶክተር፣ አፉ በብሩሽ ይጸዳ ሲሉ በእኛ ክፍል ግን የሚታዘዘው ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ የአፍ ማጽጃ ፈሳሽ ነው፤ በየዕለቱ ቻርቱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። የትኛው ነው ትክክሉ?

ከሜሪላንድ፦
ክሎርሄክሲዲን ለብዙ ዓመታት እዚህም ዋና ተደርጎ ሲሠራበት ነበር። ከዚያ ጥናቶቹ በአንድ ላይ ሲመረመሩ ጥቅሙ አጠራጣሪ ሆነ፤ እንዲያውም ሞትን ሊጨምር ይችላል የሚል ሥጋት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ ባለሙያ ማኅበራት መመሪያ የአፍ እንክብካቤ በብሩሽ፣ ያለ ክሎርሄክሲዲን ይሁን ይላል። በ2023 መጨረሻ የወጣና 15 ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ በብሩሽ ማጽዳት የሆስፒታል ሳንባ ምችን በሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ፤ ጥቅሙ የታየውም በተለይ በመሣሪያ ላይ ባሉት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ተራ የጥርስ ብሩሽ ነው። ሌላ ደግሞ፦ የመሣሪያውን ቧንቧ በቀን መቁጠሪያ መለወጥ አያስፈልግም፤ ሲቆሽሽ ወይም ሲበላሽ ብቻ ነው። በውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ ግን ወደ ሕመምተኛው እንዳይፈስስ ሆኖ ይደፋ።

ማይክሮስኮፕ፦
የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ መድኃኒቱ እስካሁን ማንም አለመጠየቁ ገርሞኛል። እኅታችን፣ የአክታ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ተልኳል? የተላከውስ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው? ናሙናው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ከተወሰደ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል፤ ያኔ ሐኪሙ በጨለማ ይቀራል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ቱቦ ለቀናት ከቆየበት ሰው የተወሰደ አክታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ያበቅላል፤ በቱቦው ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ ነውና። ትኩሳት፣ አዲስ የራጅ ለውጥ፣ የኦክስጅን ፍላጎት መጨመር ሳይኖር ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መጀመር ሕመምተኛውን አያክምም፤ የቀረውን ባክቴሪያ ግን ያለማምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዝርዝር ካርባፔኔም የተባሉትን መድኃኒቶች የተቋቋመውን አሲኔቶባክተር በከፍተኛው ደረጃ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሜሮፔኔም ከእነርሱ አንዱ ነው። እርሱ ካልሠራ የሚቀረው ኩላሊትን የሚጎዳውን ኮሊስቲንን የመሰለ ነው፤ እርሱም በየፋርማሲው አይገኝም።

አባቴን ያጣሁ፦
ለአባቴ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ገዝተናል፤ ለመግዛት ወንድሜ መሬት ሸጧል። ማንም «ይህኛው ይቁም» ያለን አልነበረም። ስንት ቀን ነው የሚበቃው?

ሰመመን ሰጪ፦
ለአብዛኛው ሰው 7 ቀን። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የፈረንሳይ ጥናት በ51 ክፍሎች 401 ሕመምተኞች ላይ 8 ቀንን ከ15 ቀን ጋር አነጻጽሮ በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። በ2024 ደግሞ ከኔፓል፣ ከታይላንድና ከሲንጋፖር በወጣ ጥናት ትኩሳቱ የወረደለትና የደም ግፊቱ የተረጋጋለትን ሰው መድኃኒት በ7 ቀን ወይም ከዚያ ቀድሞ ማቆም ከረጅሙ እንደማያንስ ታየ። ኔፓል ከእኛ ጋር በብዙ ነገር ትመሳሰላለችና ይህ ጥናት ለእኛ ይበልጥ ይናገራል። ደግሞም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ካልቸሩ ሲደርስ የማያስፈልገውን መድኃኒት አቁመን የጀመርነውን ማጥበብ አለብን። ያ ሳይሆን ቀርቶ ቤተሰብ መሬቱን ሲሸጥ ሕክምናው ግዴታውን አልተወጣም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ።

የጉለሌ እኅት፦
ካልቸሩ የተላከው ከመድኃኒቱ በፊት ነበር። ዛሬ መልሱ መጥቶ ክሌብሲዬላ ነው ብለውናል፤ ሜሮፔኔም ይሠራበታል፤ ቫንኮማይሲኑን አቁመዋል። ስጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ነው ያስረዱኝ። ራስጌውም ከፍ ብሎ አየሁት።

ማይክሮስኮፕ፦
ቫንኮማይሲን በክሌብሲዬላ ላይ አይሠራም፤ ማቆማቸው ልክ ነው። የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ጠይቀው ያስቀምጡ፤ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ሆስፒታል ቢዘዋወር ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።

የጎንደሩ ተማሪ፦
የመጨረሻ ጥያቄ ለዶክተር። በጭንቅላት ጉዳት የገባ ሰው ቱቦ በገባለት ዕለት አንድ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ቢወስድ የሳንባ ምቹ ይቀንሳል የሚል የፈረንሳይ ጥናት አለ። ለምን ለሁሉም አንሰጥም?

ሰመመን ሰጪ፦
እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ነው። ቱቦ ከገባ በ12 ሰዓት ውስጥ 2 ግራም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው የሳንባ ምች ከ32 ወደ 14 በመቶ ወረደ። ጥሩ ጥናት ነው፤ እኔም በቁም ነገር አስቤበታለሁ። ችግሩ ያ ቅድመ መከላከል የሚሠራው ሰውየው ከቤቱ ይዞት በመጣው፣ መድኃኒቱን ገና ባልለመደ ባክቴሪያ ላይ መሆኑ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ደግሞ ሴፍትሪያክሶን ከገባው ሕመምተኛ ሁሉ ጋር አብሮ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል፤ ከክፍሎቻችን የሚወጣው ክሌብሲዬላ በአብዛኛው ተቋቁሞታል። ስለዚህ ከአደጋው ቦታ በቀጥታ ለመጣ የጭንቅላት ተጎጂ አንድ ጊዜ ብቻ መስጠቱ ምክንያታዊ ነው፤ በሌላ ሆስፒታል ሰንብቶ ለመጣ ሰው ግን የሚጠቅም አይመስለኝም። ከሰጠህ ደግሞ ቻርቱ ላይ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለህ ጻፍ፤ አለዚያ ተረኛው ሲለወጥ በየ12 ሰዓቱ ይቀጥላል።